ለሶስና ሳትሞት ስለተተከለው ድንኳን

አምላክን የወለደች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በወፍጮ ሰፈር ያደረገችው ተአምር ይህ ነው፤ አማላጅነቷ ቆማችሁ የምትሰሙትንም፣ ግድግዳ ተደግፋችሁ የምትሰሙትንም፣ ከኋላ ሆናችሁ የምታንጎላጁትንም ሳትለይ ሁላችሁንም ታግኛችሁ፤ አሜን።

ምእመናን ሆይ፣ ልብ በሉ። በአንዲት የደጋ ከተማ፣ ወፍጮ ሰፈር በሚባል መንደር፣ ጥሩዓለም የምትባል፣ የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ የሆነ፣ ባሏ የሞተባት፣ ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀች በመሸጥ የምትኖር አንዲት ሴት ነበረች። ይህችም ሴት እመቤታችንን እጅግ ትወዳት ነበርና ስእለት ተሳለች፤ ስእለቷም ጠዋት ከመኝታዋ ተነሥታ ለእመቤታችን ሰላምታ ሳታደርስ ከሰው ጋር አንዲት ቃል ላለመነጋገር ነው። ጸሎቱም ረጅም ነበር፤ ጥሩዓለም ደግሞ ጸሎቱን ከእናቷ አፍ በቃል የያዘችው ስለሆነ፣ አንድ ቦታ ላይ ከተደናቀፈች ወይም ሰው ካቋረጣት እንደገና ከመጀመሪያው ትነሣለች እንጂ ካቆመችበት መቀጠል አይሆንላትም። ስለዚህም ፀሐይ ሞቅ እስክትል ድረስ እንደ ዲዳ ሆና ትቆይ ነበር። ደንበኛ መጥቶ «በርበሬው እንዴት ነው ዛሬ?» ቢላት እጇን ወደ ሰማይ ታነሣለች፤ ትርጓሜውም «ታገሠኝ፣ ከእመቤቴ ጋር ነኝ» ማለት ነው፤ ደንበኛው ግን ዋጋው ሰማይ ነካ ያለችው እየመሰለው ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሻገራል። እንዲህም አድርጋ በጽድቅና በድህነት ኖረች።

እግዚአብሔርም ሶስና የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ሰጥቷት ነበር፤ ሶስናም ጥርሷን ገና ያልቀየረች፣ ምላሷ ግን ከዕድሜዋ ቀድሞ የደረሰ ልጅ ነበረች። ከዕለታትም በአንዱ ቀን ጎኗን ይዛ «እማዬ፣ እዚህ ጋ የሆነ ነገር ቁጭ ብሏል» አለችና ተኛች፤ ትኩሳትም ያዛት። እናቷም ጸበል አጠጣቻት፤ ከዚያም ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ ከዚያም ወደ መንግሥት ሆስፒታል ላኳት፤ በዚያም መረመሯትና ሽንት ከኩላሊቷ የሚወርድበት ቱቦ ጠብቧል፣ ኩላሊቷም እንደ ፊኛ ተነፍቷል፣ ቀዶ ጥገና ካልተደረገላት ኩላሊቱ ይሞታል፣ መርዙም ልጅቱን ይዞ ይሄዳል አሏት፤ ወረፋም ሰጧት። ወረፋው ግን ኩላሊቱ ቀረው ከተባለው ዕድሜ ይረዝም ነበር።

ከዚያም አንዲት ነርስ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ «ስሚ እናት፤ የሕፃናትን ኩላሊት የሚሠራ ሐኪም ከአዲስ አበባ ወደ ግል ሆስፒታሉ እየመጣ ነው። ሐሙስ ብቻ ነው የሚውለው። ደግሞ እኔ አላልኩሽም» አለቻት። ጥሩዓለምም ልጇን አዘለችና ወደዚያ ሄደች።

የዚያ ሆስፒታል ሒሳብ መቀበያ መስኮት ዝቅ ብሎ የተሠራ ነበር፤ ስለዚህ ከፋይ ሁሉ፣ ባለጠጋም ሆነ ድሀ፣ ወገቡን አጉብጦ ሳይሰግድ ገንዘቡን ማስረከብ አይችልም። ጥሩዓለምም ሰገደችና ካርድ አወጣች። ካርዱም ምርመራ ወለደ፤ ምርመራውም አልትራሳውንድ ወለደ፤ አልትራሳውንዱ ሲቲ ስካን ካላየሁ አለ፤ ሲቲ ስካኑም አልጋ ጠራ፤ አልጋውም የአስታማሚ ፍራሽ ጠራ፤ ፍራሹም ብቻውን አልመጣምና የአንሶላ ማሳጠቢያ አስከትሎ መጣ። ለካርዱና ለምርመራው የባልትና ገንዘቧ ሄደ፤ ለሲቲ ስካኑ የጆሮ ወርቋ ሄደ፤ ለአልጋው ቴሌቪዥኑ ሄደ፤ ከዚያም ቁም ሣጥኑና የበርበሬ ጆንያዎቿ ተከታትለው ሄዱ። በመጨረሻም ለቀዶ ጥገናው የሚያስፈልገው ቅድሚያ ክፍያ መጣ፤ ጥሩዓለምም ያላትን ሁሉ ብታስረክብ ጎደለ።

በመስኮቱ ውስጥ ያለችው ወጣትም ቀና ሳትል «ቀሪው እስከ ረቡዕ ሥራ መውጫ ካልገባ ሐሙስ የሌላ ልጅ ነው፣ ማዘር» አለቻት። ጥሩዓለም «ሌላው ልጅ ማነው?» ብላ ጠየቀች። ወጣቷም «ማንም ይሁን፤ የከፈለው ነዋ» አለች።

እነሆ ጥሩዓለም በሆስፒታሉ ኮሪደር ከወንበር ወደ ፍራሽ፣ ከፍራሽ ወደ ወንበር እየተዘዋወረች ሰነበተች። እንቅልፏንም እንደ ችርቻሮ ዕቃ በጥቂት በጥቂቱ ነበር የምትተኛው፤ ጥቂት ስትተኛ ለመድኃኒት ይጠሯታል፤ ጥቂት ስትተኛ የፅዳት ሠራተኛዋ «እግርሽን አንሺ» ትላታለች፤ ጥቂት ስትተኛ ሶስና ቀስቅሳት «እማዬ፣ ተኝተሻል?» ብላ ትጠይቃታለች።

ከዚያም ማክሰኞ ዕለት ወደ እድሩ ሊቀመንበር ወደ ጋሽ ደምሰው ሄደች። ጋሽ ደምሰውም ከማዘጋጃ ቤት በጡረታ የወጡ፣ ደንብ የሚያከብሩ፣ ልባቸው ሩኅሩኅ የሆነ፣ ነገር ግን ልባቸውን ያለ ቃለ ጉባኤ የማያንቀሳቅሱ ሰው ነበሩ።

«ጋሼ፣ ልጄ እየሞተችብኝ ነው፤ እድሩ ይድረስልኝ» አለቻቸው።

«እግዜር ይማርልሽ ልጄ። እኔ እንደ ደምሰው ብሆን አልቅሼ እሰጥሽ ነበር። እንደ ሊቀመንበር ግን ደንቡ እጄን ያዘኝ። የእኛ እድር የቀብር እድር ነው።»

«ለመቅበሪያዋ የምትሰጡኝን አሁን ብትሰጡኝ እኮ አትቀበርም ጋሼ።»

«ገብቶኛል። ነገር ግን ገንዘቡ የሚወጣው ጡሩምባ ተነፍቶ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ኀዘንተኛው ምንጣፍ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው» አሉና ሊያጽናኗት ፈልገው «ድንኳኑንም አሁን በአዲስ ቀይረነዋል፤ ጠብታ አያስገባም። እንጃ ብቻ፣ እሷን ክፉ አይንካት እንጂ፣ የመጣ ቢመጣ በዚያው ቀን ነው የምንከፍልሽ። በዚህ በዚህ ስማችን ጥሩ ነው» አሏት።

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ልግደልላችሁ?»

«ኧረ በስመ አብ! ምን ዓይነት ንግግር ነው?» አሉና ሦስት ጊዜ አማተቡ፤ ከዚያም ከራሳቸው ኪስ መቶ ብር አወጡና ሰጧት፤ ብሩም ከእጃቸው ከወጣ በኋላ ቆም ብለው አዩት። ምእመናን ሆይ፣ በጋሽ ደምሰው ላይ አትፍረዱ። ለሞተ ሰው እጃቸው የማይታጠፍ፣ ሰው ሁሉ ለሞቱ ቀን የሚመኛቸው ቸር ነበሩና።

ረቡዕ ማለዳ የጥሩዓለም ታናሽ እህት ውድነሽ ወደ ሆስፒታሉ መጣችና የእህቷን ፊት አይታ ደነገጠች። «በይ ሂጂ፤ ቤት ገብተሽ ትንሽ ጋደም በይ። የሶስናንም ልብስ ቀይረሽ አምጪላት። እኔ አለሁ» አለቻት። ጥሩዓለም ሰላምታዋን ገና አላደረሰችምና መልስ ሳትሰጥ ራሷን ብቻ ነቀነቀች፤ የሶስናን የቆሸሸ ልብስ በፌስታል ቋጠረች፤ ጫማ ወደ ክፍል አይገባም ብለው ያስወለቋትንም ትንንሽ ጫማ በእጇ አንጠለጠለች፤ ሌሊት ለልጇ ደርባላት የነበረውንም ነጠላ ከአልጋው አንሥታ፣ ሳታየው፣ እንደመጣላት ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው። ነጠላውም ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገቷ ተዘቅዝቆ ተቀመጠ፤ ይህም ሰው የሞተባት ሴት አለባበስ ነው። ነጠላውን የዘቀዘቀችው ድካም ናት የሚሉ አሉ። እኛ ግን ድካምን በዚያ ማለዳ ማን እንደላካት እናውቃለን።

እየሄደችም ሰላምታውን ጀመረች። እኩሌታው ላይ ስትደርስ የታክሲው ረዳት «ሒሳብ!» ብሎ ጮኸባትና ጠፋባት፤ ከመጀመሪያውም ጀመረች። ከታክሲው ወርዳ ስትጓዝ አንድ የጭነት መኪና ከኋላዋ ክላክስ ነፋባትና ጠፋባት፤ ከመጀመሪያውም ጀመረች። ደግሞ ሊያልቅላት ሲል በቁሟ እንቅልፍ ወሰዳትና የሰው አጥር ተደግፋ ባነነች፤ አሁንም ከመጀመሪያው ጀመረች። ወፍጮ ሰፈር በደረሰች ጊዜ ቀኑ እኩል ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ በዚያም ሰዓት ጥሩዓለም ገና ከእመቤታችን ጋር ናት ብሎ የሚጠረጥር ሰው አልነበረም።

እነሆም በለቅሶ ላይ ድምጿ እስከ ሦስተኛው ሰፈር የሚሰማ እትዬ ማንጠግቦሽ የምትባል ጎረቤቷ በመንገድ አገኘቻትና «ጥሩዬ! መጣሽ እንዴ? ሶስናስ?» አለቻት። ጥሩዓለምም ሁልጊዜ የሚያደናቅፋት ቦታ ላይ ደርሳ ነበርና፣ ይህን ካጣሁ ዛሬ አልጨርሰውም ብላ ፈርታ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ እጇን ወደ ሰማይ አነሣችና አለፈች።

እትዬ ማንጠግቦሽም የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች፤ ጫማውንም አየች፤ ወደ ሰማይ የተነሣችውንም እጅ አየች። የያዘችው ጎመን ከእጇ ወደቀ፤ ወደ ጡሩምባ ነፊው ወደ ቢተውም ሮጠች።

«ቢተው፣ ተነሥ ንፋ! ሶስና!»

«ሶስና ምን ሆነች? ማን ነገረሽ?»

«እናቷ ራሷ ናታ!»

«ምን አለችሽ?»

«ምን ትበል እንግዲህ? ወደ ላይ አሳየችኝ።»

ቢተውም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈለገምና ጡሩምባውን አንሥቶ በሰፈሩ ዞረ። «የእድራችን አባላት! የወይዘሮ ጥሩዓለም ልጅ ሶስና ከዚህ ዓለም ድካም ስላረፈች በቤቷ ተገኙ! የቀብሩን ሰዓት ሬሳው ከሆስፒታል ሲመጣ እነግራችኋለሁ!» አለ።

ጥሩዓለም ግን ይህን ሁሉ አልሰማችም። ደጇን እንዳለፈች ሰላምታው አለቀላት፤ «አሜን» አለችና ከአሜኑ ጋር አብራ አልጋው ላይ ወደቀች፤ የሶስናንም ጫማ ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ስንት ጊዜ ተበትኖ የቀረ እንቅልፏ ባንድ ጊዜ ተሰብስቦ መጣባት። ወንዶቹ በደጇ ምሰሶ ሲተክሉ አልሰማችም፤ ወንበር ሲያራግፉ አልሰማችም፤ ሴቶቹ ንፍሮ ሲጥዱም አልሰማችም። አንዷ በበሩ አጮልቃ አየቻትና «ጫማዋን አቅፋ ተኝታለች፣ ወይኔ!» አለች፤ ጋሽ ደምሰውም «ማንም እንዳይቀሰቅሳት፤ ኀዘን ነው የጣላት» ብለው አዘዙ። ሰዉም አፉን በነጠላው ይዞ ቀስ ብሎ አለቀሰ። እትዬ ማንጠግቦሽ ግን ቀስ ብሎ ማልቀስ አልተፈጠረላትም፤ ጥቂት ታገሠችና «ሶስናዬ! ምላሰኛዋ! የሰፈሩ ወፍ!» ብላ ለቀቀችው።

በዚያም ድምፅ ጥሩዓለም ነቃችና ወደ ደጅ ወጣች። ድንኳን አየች። ነጠላቸውን የዘቀዘቁ ሴቶች አየች፤ ጋሽ ደምሰውንም ኮፍያቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው አየች። መርዶ በዚያ አገር እንዴት እንደሚመጣ ታውቃለች፤ ሰው ተሰብስቦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ማንም ሳይናገር ነው የሚመጣው። ስለዚህ ማንንም አልጠየቀችም። እኔ ስተኛ ሞተች፣ ከሆስፒታል ደውለው ለእነርሱ ነገሯቸው፣ ሊያረዱኝ መጡ ብላ አሰበች።

«ተኝቼ!» አለች። «እኔ እኮ ተኝቼ! ወይኔ ልጄ፣ ተኝቼ!»

የዚህን ቃል ትርጉም ከመካከላቸው ያወቀ አልነበረም። እናቲቱ ስትጮህ ባዩ ጊዜ ግን ጥርጣሬ ቀርቷቸው የነበሩ ጥቂቶችም አመኑ፤ እርሷ በእነርሱ አምናለች፣ እነርሱም በእርሷ አምነዋልና ልጅቱ ከሁለቱም ወገን ሞተች። ያዟት፤ ምንጣፍ ላይ አስቀመጧት፤ እትዬ ማንጠግቦሽም ከኋላዋ ደግፋ «አልቅሺ እናቴ፣ ይውጣልሽ» አለቻት። ጥሩዓለም ግን ከመጀመሪያው ጩኸት በኋላ እንባ አልወጣትም፤ ደክሟት ነበር፤ ለልጇ የሚሆን ማልቀሻ ጉልበት እንኳ በመስኮቱ በኩል ከፍላ ጨርሳ ነበር።

ከዚያም ጋሽ ደምሰው በደንቡ መሠረት ቀረቡ፤ ድንኳኑ ተተክሏልና፣ ጡሩምባው ተነፍቷልና፣ ኀዘንተኛዋ ምንጣፍ ላይ ናትና፣ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ገንዘብ ጭኗ ላይ አኖሩላት። ለቅሶ ደራሹም በተራው እያለፈ ማስተዛዘኛውን ደረበበት። ጥሩዓለም ገንዘቡን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያም ያለ ቁጣ፣ ሰው ሰዓት እንደሚጠይቅ በሆነ ድምፅ «ትናንት ቢሆን ኖሮ እኮ፣ ጋሼ» አለቻቸው። ጋሽ ደምሰውም ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞሩና፣ ሊቀመንበር ሆነው ሳለ፣ ያለ ቃለ ጉባኤ አለቀሱ።

በዚያችም ሰዓት በጥሩዓለም ጉያ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። ኀዘንተኛ ስልክ አያነሣምና እትዬ ማንጠግቦሽ ከጉያዋ አወጣችው።

«ሃሎ? ለቅሶ ላይ ነን፤ ማን ልበል?»

«ሶስና ነኝ። እማዬን አቅርቢልኝ። ውድነሽ ዳቦ ከለከለችኝ።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ስልኩን ንፍሮው ሰፌድ ላይ ጣለችውና «እመ አምላክ! ሶስና ከገነት ደወለች!» ብላ ጮኸች፤ ቀጥላም በአድናቆት ዝግ ብላ «እዚያም ዳቦ ይከለከላል እንዴ?» አለች።

ቢተው ከሁሉ ይልቅ ደፋር ነበርና ስልኩን ከንፍሮው አወጣ፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማም አድርጎ ከፈተው። የውድነሽ ድምፅ ወጣ። «ጥሩዬ፣ የት ጠፋሽ? ነገ ቀዶ ጥገና ስላላት ከአሁን ጀምሮ ፈሳሽ ብቻ ነው ብለዋታል፤ እየበጠበጠችኝ ነው። ሒሳብ ቤቶቹም ሁለቴ መጥተው ጠየቁኝ፤ ሊዘጉ ነው!» ከኋላም ሌላ ትንሽ ድምፅ «ጫማዬንስ ማን ወሰደው በያት!» አለ።

ጥሩዓለም ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። «ሶስናዬ?»

«አቤት።»

«አለሽ?»

«የት እሄዳለሁ? ጫማ የለኝ!»

ያን ጊዜ ቀድሞ ጠፍታባት የነበረችው እንባ መጣች፤ ያለ ድምፅ፣ ያለ ማቋረጥ፣ ነጠላዋን እስክታርስ ድረስ ወረደች። በድንኳኑ ውስጥ ያሉትም ንፍሮውን በአፋቸው እንደያዙ ማኘክ አቁመው ተያዩ።

መጀመሪያ የተናገረችው እትዬ ማንጠግቦሽ ናት። «እኔ ታዲያ ጉሮሮዬን የተረተርኩት ለማን ነው?» አለች።

«አንቺ አይደለሽ ንፋ ያልሽኝ?» አለ ቢተው።

«ብልህስ? አፍ የለህም፣ አትጠይቅም?»

ጥሩዓለም ግን ሐቀኛ ሴት ነበረችና ተነሥታ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ገንዘብ በሁለት እጇ ለጋሽ ደምሰው ዘረጋች። በውስጡ ያለው የልጇ ኩላሊት እንደሆነ እያወቀች ዘረጋችው። «የእናንተ ነው ጋሼ። ልጄ አልሞተችም» አለች። ጋሽ ደምሰውም ደንቡን በልባቸው ከላይ እስከ ታች አነበቡና፣ እያዘኑ፣ ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ።

«ጋሼ፣ እጅዎን ይሰብስቡ!» አለች እትዬ ማንጠግቦሽ። «ለሬሳ የወጣ ገንዘብ ሬሳ ሳያገኝ ሲመለስ አይተው ያውቃሉ?»

«አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም። ባደረበት ቤት ሬሳውን ይፈልጋል። የእድሩ ሣጥን የሚያድረው የማን ቤት ነው?»

«እኔ ቤት ነዋ» አሉ ጋሽ ደምሰው፤ ይህንንም ብለው ሳይጨርሱ እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰበሰቡ። ዞር አሉና «ቢተው፣ አንተ ለጊዜው ያዘው» አሉት። ቢተው ወገቡን እንደሚያመው ተናገረ። ሌላው ሽማግሌ ደም ግፊት እንዳለበት፣ ሌላውም ገና ያልተዳረች ልጅ እንዳለችው ተናገረ፤ ገንዘቡም በድንኳኑ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር በዓይን ብቻ ዞሮ፣ የሚነካው አንድ እጅ አጥቶ፣ ተመልሶ ጥሩዓለም እጅ ላይ ቀረ። ምእመናን ሆይ፣ የቸርነት ሥሯ ብዙ እንደሆነ ከዚህ ተረዱ፤ ፍቅር ያልሰጠውን ድንጋጤ ሲሰጥ እመቤታችን አትጸየፈውም።

ጋሽ ደምሰውም ጉሮሯቸውን ጠረጉና ቆመው ፈረዱ። «ደንባችን ሟች ያልሞተ እንደሆነ ገንዘቡ ይመለሳል የሚል አንቀጽ የለውም። ጡሩምባው ተነፍቷል፤ ድንኳኑም ተተክሏል። ስለዚህ ለሶስና ተከፍሏል። ነገር ግን ወደፊት ሶስና ብትሞት እድሩ ዳግመኛ አይከፍልም፤ ይህ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።»

«አርጅታ ስትሞት መጥቼ አላስቸግርዎትም ጋሼ» አለች ጥሩዓለም።

ከዚያም ለቀብር የተጠራ አውቶብስ ደጅ ቆሞ ነበርና ጥሩዓለም ተሳፈረች፤ ሰዉም ያለቀሰላትን ልጅ በዓይኑ ሳያይ ወደ ቤቱ ሊገባ አልወደደምና ተከትሏት ተሳፈረ፤ ቢተውም ጡሩምባውን እንደያዘ ገባ። ቸኩለው ነበርና የተዘቀዘቀውን ነጠላ ማስተካከል ያሰበ አልነበረም።

የሆስፒታሉም ዘበኛ አንድ አውቶብስ ሙሉ ለቅሶተኛ በበሩ ሲራገፍ ባየ ጊዜ «ደግሞ ዛሬ ማን ሞተብን?» ብሎ ወደ ውስጥ ሮጠ። ጥሩዓለም መስኮቱ ጋ ደረሰችና ሰገደች፤ ገንዘቡንም አስረከበች። ወጣቷ ቆጠረችው፤ ደግማም ቆጠረችው፤ ከዚያም «ቅድሚያ ክፍያው ሞልቷል። የማደንዘዣ ባለሙያው ግን ለብቻ ነው፤ እሱ ይጎድላል» አለች።

«ይጎድላል» የምትለው ቃል ወደ ኋላ ከአፍ ወደ አፍ ተላለፈችና እትዬ ማንጠግቦሽ ጋ ደረሰች። እትዬ ማንጠግቦሽም በድንኳኑ ውስጥ ያቋረጡባት ለቅሶ ጉሮሮዋ ላይ ቆሞ ያስጨንቃት ነበርና፣ በዚህች ቃል ምክንያት አግኝታ፣ በሆስፒታሉ ኮሪደር መካከል ካቆመችበት ቀጠለች። ሴቶቹም ተቀበሏት። ደንበኞች ከየክፍሉ ራሳቸውን ብቅ አደረጉ፤ ካርድ ሊያወጡ ከተሰለፉትም አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን አንሥተው ወደ በሩ ማየት ጀመሩ።

ያን ጊዜ መኖሩ በወሬ ብቻ ይታወቅ የነበረው የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ በሥጋ ተገልጦ ከላይ ወረደ። «እባካችሁ! እናቶቼ! እዚህ አይለቀስም! ማን ነው የሞተው?» አለ።

«ማንም አልሞተም» አሉ ጋሽ ደምሰው፣ በትሕትና። «ነገ እንዳትሞት ነው የመጣነው። ይጎድላል ስላሉን ነው።»

ሥራ አስኪያጁም ለቅሶተኞቹን አየ፤ የካርዱን ሰልፍ አየ፤ የቢተውንም ጡሩምባ አየ። «የጎደለው ቀስ ብሎ ይከፈላል! ማህተም አድርጊላት!» ብሎ ወደ መስኮቱ ጮኸ። ማህተሙም ተደረገ።

ሐሙስ በሆነ ጊዜ ሶስናን ወሰዷት። በሩ ከተዘጋ በኋላ ጥሩዓለም ምንም አላደረገችም፤ ተቀመጠች እንጂ። ከረጅም ጊዜ በኋላም ሐኪሙ ወጣና «ቱቦውን አስተካክለናል። አሁን የምንጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ሽንት። ከወረደ ኩላሊቱ ተርፏል ማለት ነው» አላት።

ልጅቱንም አልጋዋ ላይ አስተኟት፤ ከጎኗም ቀጭን ቱቦ ወጥቶ አልጋው ሥር ከተንጠለጠለች ትንሽ ከረጢት ጋር ተያይዟል። ከረጢቷም ባዶ ነበረች። ጥሩዓለምም መሬት ላይ ቁጭ አለችና ከረጢቷን ትመለከት ጀመር። ሰዎች ሥዕል የሚመለከቱት እንዲህ ነው። ነርሷ መጥታ አየችና ሳትናገር ሄደች፤ ደግማም መጥታ አየችና ሳትናገር ሄደች። ከረጢቷ ባዶ ነበረች። ሶስና አፏን ገርበብ አድርጋ ተኝታለች፤ ፊቷም አመድ መስሏል። ጥሩዓለም ልትጸልይ ፈለገች፤ ቃል ግን አልነበራትም፤ ረጅሙም ጠፋባት፣ አጭሩም ጠፋባት፤ ዓይኗ ብቻ ቀረላት፤ በእርሱም አየች።

ከዚያም በቱቦው አፍ ላይ አንዲት ጠብታ ቆመች። ቀይ የተቀላቀለባት ቢጫ ነበረች። ለመውደቅም ዘገየች፤ ጥሩዓለምም አብራት ትንፋሿን ያዘች። ጠብታዋ ወደቀች። ሌላም ተከተላት፤ ከዚያም ሌላ፤ ከዚያም ጥሩዓለም መቁጠር ተወች።

ጥሩዓለምም ከተቀመጠችበት ሳትነሣ እልል አለች። ሊጠይቋት መጥተው በኮሪደሩ ይጠብቁ የነበሩት የወፍጮ ሰፈር ሴቶች ተቀበሏት፤ እትዬ ማንጠግቦሽም በዚያው በለቅሶው ጉሮሮ እልልታውን አቀለጠችው፤ በየክፍሉ የነበሩ አስታማሚዎችም ለምን እንደሆነ ሳያውቁ፣ እነርሱም ብዙ ቀን እልል ሳይሉ ቆይተው ነበርና፣ እልል አሉ። ነርሷ እየሮጠች መጥታ «ምንድነው? ምን ተገኘ?» አለች።

«ሸናች!» አለች ጥሩዓለም። «ልጄ ሸናች!»

የቀረውንም ዕዳ ጥሩዓለም እስከ ዛሬ ድረስ ሽሮ እየሸጠች በየወሩ ትከፍላለች፤ ሶስናም ጥርሷን ቀይራለች። ያን ጊዜ የተሰበሰቡት ሁሉ ነገሩን አይተው፣ የሞተውን ሳይሆን የሚሞተውን የምታስብ እናት ለሰጠን ለእግዚአብሔር ምስጋና አቀረቡ።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ የድንግል ልመና ከሚያስጎነብስ መስኮት ትሰውራችሁ፤ ኩላሊታችሁን ትጠብቅላችሁ፤ የሚያለቅስላችሁን ወዳጅ ከመሞታችሁ በፊት ታድርስላችሁ፤ ለደከማችሁም እናቶች የሚያሳርፍ እንቅልፍ ታምጣላችሁ፤ ስትነቁም ልጆቻችሁን በሕይወት አግኙ፤ ለዘላለሙ አሜን።